ኮንኪ ስታዘጋጁ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሊኑክስ የጫነ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ኮንኪ ይፈልጋል። ኮንኪ የፕሮሰሰሩን ጫና፣ የራሙን መጠን፣ ሙቀቱን፣ የኔትወርኩን ፍጥነት፣ ባትሪውንና ሰዓቱን ዴስክቶፑ ላይ በቀጥታ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቶርስሞ ከሚባል ቀደም ያለ ፕሮግራም የወጣ ነው፤ በነጻ ይገኛል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ባለው የጥገና ሱቄ ከማራኪም ከአዘዞም ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ኮንኪያቸውን የሚያበላሹበት ቦታ ግን ተመሳሳይ ነው። ስለ መልኩ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ስክሪን ላይ የተጻፈን ቁጥር ሰው ያምነዋል፤ አምኖም ገንዘብ ያወጣል፤ ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። አጫጫኑን አልነግራችሁም፤ እሱን አንድ ትእዛዝ ይጨርሰዋል።

የሰው ኮንፊግ እንዳለ ገልብጦ መለጠፍ

ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት ያ የሚያምር ኮንፊግ፣ ማለትም ኮንኪ ምን እንደሚያሳይ የሚነግረው ፋይል፣ የተጻፈው ለጻፈው ሰው ማሽን ነው። የእሱ ስክሪን 1920 በ1080 ነው፤ እዚህ በብዛት የሚሸጠው ያገለገለ ላፕቶፕ 1366 በ768 ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ግማሹ ጽሑፍ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። ይሄ እንኳን ወዲያው ስለሚታይ ችግር የለውም። ክፉው የማይታየው ነው።

አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ የዋይፋይ ካርዱ ሞቷል መሰለኝ፣ ይቀየርልኝ» አለችኝ። ኮንኪው ላይ የዳውንሎድ ፍጥነቱ ሁሌም ዜሮ ነው። ብሮውዘሩን ስከፍተው ግን ገጹ ይመጣል። ኮንፊጉን ብገልጠው የተጻፈው የኔትወርክ ስም «ኢ-ቲ-ኤች-0» ነው፤ የእሷ ማሽን ላይ ያለው «ደብልዩ-ኤል-ፒ-2-ኤስ-0» ነበር። ኮንኪ የሌለ ካርድ እንዲያይ ተነግሮት ዜሮ ይጽፋል፤ ትክክል ነው። የድሮዎቹ አጫጭር ስሞች በብዙ ሊኑክሶች ላይ የቀሩት ሊኑክስን የሚያስነሳው ሲስተምዲ በፈረንጆቹ 2013 ካርዱ የተሰካበትን ቦታ ተከትሎ ስም መስጠት ከጀመረ ወዲህ ነው። ድሮ የተጻፈ ኮንፊግ ግን ኢንተርኔት ላይ እስከ ዛሬ ይዞራል። ተርሚናል ላይ «አይፒ ሊንክ» ብላችሁ የራሳችሁን ስም እዩና እሱን ጻፉ። ካርድ አትግዙ።

የባትሪውም ስም እንደዚሁ ነው። ብዙ ላፕቶፕ ላይ «ባት 0» ይባላል፤ አንዳንዱ ላይ «ባት 1» ነው። ከቲንክፓዶች ደግሞ እንደ ቲ480 ያሉት አንድ ከውስጥ አንድ ከውጭ፣ ሁለት ባትሪ አላቸው፤ አንዱን ብቻ ያሳያችሁ ኮንኪ ባትሪያችሁ ያለቀ ያስመስላል። «ሲስ» ውስጥ፣ «ክላስ» ሥር «ፓወር ሰፕላይ» የሚለውን ፎልደር ከፍታችሁ ስማቸውን ተመልከቱ።

የቆየ ኮንፊግ የሚያመጣው ሌላ ጣጣም አለ። ኮንኪ በፈረንጆቹ 2015 ከወጣው ቅጂ 1.10 ጀምሮ ኮንፊጉ የሚጻፈው በሉዋ ቋንቋ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው አጻጻፉ ሌላ ነው። የአሮጌውን ግማሽ ከአዲሱ ግማሽ ጋር ቀላቅለው የሚያመጡልኝ አሉ፤ እሱን ከመጠገን ከባዶ መጻፍ ይቀላል። በአምስት መስመር ጀምሩ። እያንዳንዱ መስመር ትክክለኛ ቁጥር መስጠቱን ስታረጋግጡ ብቻ ቀጣዩን ጨምሩ።

በየሰከንዱ ስክሪፕት ማስነሳት

በዚህኛው ላይ ረዘም ልበል፤ ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው።

ኮንኪ አብዛኛውን ነገር በራሱ ያውቃል። ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ዲስኩን፣ ኔትወርኩን ከከርነሉ፣ ከሊኑክስ እምብርት፣ በቀጥታ ያነባል፤ ይህ ለማሽኑ ምንም ማለት አይደለም። «ኤግዜክ» የሚለውን ስትጽፉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ኮንኪ ትእዛዝ የሚቀበለውን ሼል ይከፍታል፣ ሼሉ ፕሮግራም ያስነሳል፣ ፕሮግራሙ ሠርቶ ይዘጋል፣ ውጤቱ ይጻፋል። የማደሻው ጊዜ 1 ሰከንድ ከሆነ ይህ ሁሉ በሰዓት 3,600 ጊዜ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መስመር ስድስትም ሰባትም ያለበት ኮንፊግ አይቻለሁ። የራሙን መጠን ለማወቅ «ፍሪ»ን ጠርቶ፣ በ«ግሬፕ» አጥርቶ፣ በ«ኦክ» የሚቆርጥ፤ ኮንኪ ራሱ በአንድ ቃል የሚሰጠውን! ባለቤቱ ደግሞ «ሊኑክስ ባትሪ ይበላል» ይላል። የሚበላው ኮንፊጉ ነው።

እኛ ጋ ይህ የቅንጦት ክርክር አይደለም። መብራት ሲሄድ ያችን የደከመች ባትሪ ይዞ አሳይመንት የሚጨርስ ልጅ አለ። እያንዳንዷ ደቂቃ ታስፈልገዋለች። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲያጣ እንዲያርፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በየሰከንዱ የሚቀሰቅሰው ካለ አያርፍም።

ስለዚህ መጀመሪያ የኮንኪን ማኑዋል ገልጣችሁ የፈለጋችሁት ነገር በራሱ ቃል አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ከሌለ «ኤግዜክ» ሳይሆን «ኤግዜክ-አይ»ን ተጠቀሙ፤ እሱ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚደገም ትነግሩታላችሁ። የዲስክ ሙቀት በየ60 ሰከንዱ ይበቃል። የሚጠብቁ አፕዴቶችን ቁጥር በየሰዓቱ ማየት ይበቃል። የአየር ሁኔታ በየግማሽ ሰዓቱ ከበቂ በላይ ነው። ጠቅላላ ማደሻውን ደግሞ 2 ወይም 3 ሰከንድ አድርጉት። ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት መስመር አለች፤ «አፕዴት ኢንተርቫል ኦን ባተሪ» ትባላለች። እሷን 10 ካላችኋት መብራት ሲሄድ ኮንኪ በራሱ ይረጋል። ሥራዋን የምትሠራው ግን የባትሪው ስም ትክክል ከሆነ ነው፤ ካልተነገራት «ባት 0»ን ነው የምታየው። የእናንተ ሌላ ከሆነ «ዲቴክት ባተሪ» በሚለው ላይ ስሙን ጻፉላት።

የአየር ሁኔታው ነገር ሌላም መዘዝ አለው። «ኤግዜክ-አይ» የጠራው ፕሮግራም እስኪጨርስ ኮንኪ ቆሞ ይጠብቃል። ዋይፋዩ ተገናኝቷል እያለ ኢንተርኔቱ የሌለበት ጊዜ እንግዳችን አይደለም። ያኔ መረጃውን ከኢንተርኔት የሚያመጣው «ከርል» ካልተገደበ በስተቀር ለመገናኘት ብቻ እስከ 5 ደቂቃ ይጠብቃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሙሉው ስክሪን፣ ሰዓቱም ጭምር፣ ደርቆ ይቀራል። አንዱ ልጅ በኮንኪው ሰዓት ተማምኖ ክፍል አርፍዶ ገብቷል። ሰዓቱ የቆመው ለአንዲት የደመና ምስል ሲባል ነው።

መፍትሔው የአየር ሁኔታውን ከኮንኪ ማውጣት ነው። ሥራን በቀጠሮ የሚያስነሳው «ክሮን» በየግማሽ ሰዓቱ አምጥቶ ፋይል ላይ ይጻፈው፤ «ከርል»ን በ10 ሰከንድ ገድቡት፤ ካልተሳካለት የድሮውን ፋይል አይንካ። ኮንኪ የተጻፈውን ፋይል ብቻ ያንብብ። ቦታውንም በከተማ ስም ሳይሆን በኬክሮስና በኬንትሮስ ስጡት፤ የጎንደር 12.6 ሰሜን፣ 37.47 ምሥራቅ ነው። የከተማችን ስም በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ አጻጻፍ ስላለው በስም ስትጠይቁ የምታገኙት መልስ አያስተማምንም።

ራም ሞላ ብሎ መደናገጥ

ሊኑክስ ባዶ የተቀመጠን ራም ያነበባቸውን ፋይሎች ያቆይበታል፤ ፕሮግራም ሲፈልገው ወዲያው ይለቅለታል። ኮንፊጋችሁ ላይ «ኖ በፈርስ» የሚለው «ትሩ» ካልሆነ ኮንኪ ይህንንም እንደተያዘ ይቆጥረዋል። ልጁ 4 ጊጋ ራሙ 90 በመቶ ተይዟል ብሎ ሌላ 4 ጊጋ ሊገዛ ሱቅ ይመጣል። ራም መሸጥ ሥራዬ ነው፤ ቢሆንም እንዲህ ያለውን ሰው ገንዘቡን አስይዤ እመልሰዋለሁ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ «ፕሮክ» ሥር «ሜምኢንፎ» የሚለውን ፋይል ክፈቱና «ሜም አቬይለብል» የሚለውን መስመር እዩ፤ በፈረንጆቹ 2014 ከወጣው ከርነል 3.14 ጀምሮ አለ። እውነተኛው መልስ እሱ ነው።

የአበሻ ሰዓትና ቀን

ሁሉም ልጅ ይህን ይፈልጋል፤ ደስ ይለኛልም። ሲያደርጉት ግን የሚመርጡት መንገድ ማሽኑን ያበላሻል።

አንደኛውና አስቀያሚው የኮምፒውተሩን ሰዓት ራሱን መቀየር ነው። ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይመልሱታል፤ አንዳንዱ ዓመተ ምሕረቱንም የኛውን ያስገባል። ከዚያ «ጋሼ፣ ኢንተርኔቱ እምቢ አለኝ» ብሎ ይመጣል። ብሮውዘሩ የእያንዳንዱን ድረ ገጽ የደህንነት ሰርተፍኬት ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ያስተያያል፤ ኮምፒውተሩ 2016 ነው ካለ ሰርተፍኬቱ ገና ያልተሰጠ ሆኖ ይታየዋልና ገጹን አይከፍትም። ሰዓቱ ብቻ ቢዛባ እንኳ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየሩት የመግቢያ ኮዶች አይሠሩም። የሲስተሙን ሰዓት አትንኩት። የሰዓት ክልሉ «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» ሆኖ ይቆይ።

ኮንኪ ውስጥ «ቲዜድ ታይም» የሚል ቃል አለ፤ የሌላ ክልል ሰዓት ያሳያል። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን። የአበሻው አቆጣጠር ከዚያ 6 ሰዓት ወደኋላ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደኋላ የሆነውን ክልል ነው፤ ስሙም «ኢቲሲ» ሥር ያለው «ጂኤምቲ ፕላስ 3» ነው። ማይነስ መሆን ነበረበት ትሉ ይሆናል። በዚህ የስም ዝርዝር ውስጥ ምልክቱ የተገለበጠ ነው፤ ፕላስ ማለት ወደኋላ ማለት ነው። «ማይነስ 3» ብላችሁ ከጻፋችሁ የምታገኙት ያንኑ የፈረንጁን ሰዓት ነው፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። በ12 ሰዓት አቆጣጠር አሳዩት፣ የፈረንጁን የጠዋትና የማታ ምልክት አውጡት፤ ጠዋት 7 የሚለው 1 ሆኖ ይመጣል። ስክሪፕት የለም፣ ኤግዜክ የለም።

ቀኑን ግን በዚህ ክልል አታሳዩ፤ ሌሊቱን ሙሉ እስከ ማለዳ 12 ሰዓት ድረስ የትናንቱን ይነግራችኋል። የእኛን ቀን ለማውጣት ስክሪፕት ያስፈልጋል፤ ያየኋቸው አብዛኞቹ ስክሪፕቶች ደግሞ ስህተት ናቸው። ዓመቱ ላይ ሁልጊዜ 8 የሚቀንስ አለ፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ውስጥ የፈረንጁ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 የሚያደርግ አለ፤ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ወደ ሴፕቴምበር 12 እንደሚሄድ ረስቶ። በእኛው 2016 የሆነው ይኸው ነው። ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጁ ፌብሩዋሪ 29 እስኪያልፍ ድረስ እንዲህ ያሉ ስክሪፕቶች አንድ ቀን ይቀድሙ ነበር። የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሊወርዱ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ መንገድ ላይ ሳለ፣ እኔ ሱቅ የተቀመጠ አንድ ላፕቶፕ ጥር 11 ይል ነበር። ባለቤቱ ወራት ሙሉ ሲያየው አልጠረጠረም።

ስክሪፕታችሁን በእነዚህ ፈትኑት፤ ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ጳጉሜን 6፣ 2015 መሆን አለበት። ማግስቱ መስከረም 1፣ 2016። ጃንዋሪ 20፣ 2024 ጥር 11፣ 2016። ሴፕቴምበር 11፣ 2024 መስከረም 1፣ 2017። አራቱንም ካለፈ እመኑት። ቀጣዩ የጳጉሜን 6 ዓመት 2019 ነው፤ ያኔ ደግሞ ባልተፈተኑት ላይ ይደገማል። ስክሪፕቱን በየግማሽ ሰዓቱ ጥሩት፤ ቀን በየሰከንዱ አይቀየርም።

በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን

አማርኛ ጽፋችሁ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ከታዩ የመረጣችሁት ፎንት የእኛን ፊደል አልያዘም ማለት ነው። ብሮውዘር የጎደለውን ፊደል ከሌላ ፎንት ፈልጎ ይሞላል፤ ኮንኪ ይህን አያደርግላችሁም፤ በስም የሰጣችሁትን ፎንት ብቻ ይጠቀማል። ስለዚህ አማርኛው ያለበት መስመር ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን በስሙ ጥሩ። የትኞቹ እንዳሏችሁ ለማወቅ «ኤፍሲ-ሊስት»ን ቋንቋው አማርኛ በሆነ ማጥለያ አስኪዱት። ስሙን ሲጽፍላችሁ አንድ ፊደል ሳትቀይሩ ገልብጡት፤ ኮንኪ የማያገኘውን ስም ሳይነግራችሁ በሌላ ይተካዋል።

ዴስክቶፑን ሲነኩት የሚጠፋ ኮንኪ

የመስኮቱ ዓይነት «ዴስክቶፕ» ሲሆን አንዳንድ ዴስክቶፕ ላይ ባዶውን ቦታ ክሊክ ስታደርጉ ኮንኪው ከኋላ ይገባል። «ኖርማል» አድርጉትና ከታች እንዲሆን፣ ጠርዝ እንዳይኖረው፣ ታስክባር ላይ እንዳይወጣ በ«ሂንትስ» ንገሩት። ከጀርባው ጥቁር ሳጥን ከመጣ የመስኮቶችን ግልጽነት የሚሠራው ኮምፖዚተር ጠፍቶ ነው፤ ኤክስኤፍሲኢ በሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ከመስኮት ማስተካከያው ይበራል። ብልጭ ድርግም የሚለው «ደብል በፈር» ስላልበራ ነው።

ኡቡንቱ 22.04 ወይም 24.04 ላይ ሁሉን አድርጋችሁ እምቢ ካለ፣ መስኮቶችን ስክሪኑ ላይ በሚያወጣው በአዲሱ ሥርዓት፣ በዌይላንድ፣ ገብታችሁ ይሆናል። ኮንኪ መሠረቱ የድሮው ሥርዓት፣ ኤክስ11፣ ነው፤ ዌይላንድን የሚያውቁ አዳዲስ ቅጂዎቹም ቢሆኑ የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ጂኖም የማይሰጣቸውን ነገር ይፈልጋሉ። ፓስወርድ የምታስገቡበት ገጽ ላይ ከታች ባለችው ጥርስ ምልክት «ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ»ን መርጣችሁ ግቡ። ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነ ቀድሞውኑም ዡቡንቱ ይሻላችኋል።

የሌላ ነገር ሙቀትን የፕሮሰሰር ሙቀት ማለት

የሙቀት መለኪያዎቹ «ኤችደብልዩ-ሞን 0»፣ «1»፣ «2» እየተባሉ ይቆጠራሉ፤ ቁጥሩ ግን ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኛው ድራይቨር እንደቀደመ ይለያያል። ዛሬ 2 የነበረው ከከርነል አፕዴት በኋላ 3 ሊሆን ይችላል። እየሞቀ ድንገት የሚጠፋ ላፕቶፕ መጥቶልኝ ኮንኪው 38 ዲግሪ ይል ነበር፤ የኤስኤስዲውን እያነበበ ነው። ከፈትኩት። ማራገቢያውና የአየር መውጫው መሐል የበጋው አቧራ እንደ ጨርቅ ተደርቦ አየር አያሳልፍም፤ ፕሮሰሰሩ ከ90 በላይ ነበር። ባለቤቱ 38ን እያየ ወራት ተጠቅሞበታል።

እያንዳንዱ መለኪያ ፎልደር ውስጥ «ኔም» የምትል ፋይል አለች። የኢንቴሉ «ኮርቴምፕ»፣ የኤኤምዲው «ኬ10ቴምፕ» ይላል። በቁጥር ሳይሆን በዚህ ስም ፈልጉት፤ ወይም «ሴንሰርስ» የሚለውን ትእዛዝ በ«ኤግዜክ-አይ» በየ10 ሰከንዱ ጥሩ። ፋይሉን በቀጥታ ካነበባችሁ 47000 የሚለው 47 ዲግሪ ነው።

አጫጭሮቹ

«ሲፒዩ 0» የመጀመሪያው ኮር አይደለም፤ የሁሉም አማካይ ነው። ኮሮቹ የሚጀምሩት ከ1 ነው።

ኮንፊጉን በሊብሬኦፊስ ራይተር አትክፈቱ። ቀጥ ያሉትን የጥቅስ ምልክቶች ያጎብጣቸዋል፤ ሉዋ ደግሞ አይቀበላቸውም። ተራ ጽሑፍ ማረሚያ ይበቃል። መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለችውን ኮማም አትርሱ።

ኮንኪ ፋይሉን ሴቭ ስታደርጉ በራሱ ያድሳል። አዲስ ካስነሳችሁ ሁለቱ ተደራርበው ይጻፋሉ፤ ጽሑፉ ከደበዘዘ ወይም ከተዘበራረቀ «ኪልኦል» ብላችሁ ሁሉንም ዝጉና አንዱን ክፈቱ።

የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን በሚሰጠው በ«ሱዶ» አታስነሱት። የሰው ኮንፊግ ውስጥ «ኤግዜክ» ካለ ምን እንደሚያስኬድ ሳታነቡ በገዛ እጃችሁ ማሽናችሁን ለማታውቁት ሰው እየሰጣችሁ ነው፤ በ«ሱዶ» ሲሆን ደግሞ ምንም ሳታስቀሩ።

የኔትወርኩ ፍጥነት በተቀየረ ቁጥር ሙሉው ጽሑፍ ግራና ቀኝ የሚዘል ከሆነ ለመስኮቱ ዝቅተኛ ስፋት ስጡት።

ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ስታደርጉ

ስታርትአፕ ውስጥ ኮንኪን ብቻ ጽፎ መተው ዴስክቶፑ ሳይደርስ እንዲነሳ ያደርገዋል። ያኔ ኮንኪው ከዎልፔፐሩ ሥር ይቀራል ወይም የተሳሳተ ጥግ ላይ ይወጣል። «ፓውዝ» የሚለውን ጨምሩና 10 ሰከንድ እንዲጠብቅ አድርጉት። ከዚያ ላፕቶፑን ዘግታችሁ እንደገና አስነሱ፤ አንዴ ቻርጀር ተሰክቶ፣ አንዴ በባትሪ ብቻ። ኤስኤስዲ ያልገባለት፣ ገና በድሮው ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ ማሽን ከሆነ 30 ስጡት።